የቀድሞው ጸሐፊያችን ብዕር
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሒሳቡ ከተሰማ በኋላ ስለ አንድ ብዕር እንድናገር ታዝዣለሁ። «እስክሪፕቶ በሞላበት አገር የቀለም ብዕር ወሬ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ።

ብዕሩ የቀድሞው ጸሐፊያችን ፓርከር 51 ነው። እርሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው «ለመዝገቡ ይሁን» ብለው ሰጡን። እኔም ተረከብኩት፤ ተረክቤም አበላሸሁት። ቀለሙ ውስጡ ደርቆ አልጽፍ ቢለኝ፣ የመንዝ ብርድ ያጠናው መስሎኝ የፈላ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ጫፉን የሚሸፍነው የፊተኛው አካል፣ አፍንጫው እንበለው፣ ተጣሞ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ መለዋወጫ ፍለጋ ሆነ። ይህ ብዕር ለገበያ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ነው፤ የቀለም መሙያው በ1948 ተለወጠ፤ መሠራቱም በ1972 ቀረ። በቅርብ ዓመታት በዚሁ ስም የወጣው አዲሱ ብዕር ሥሪቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ከሌላ አሮጌ ብዕር ፈትቶ መውሰድ ግድ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ፓርከር 21 አገኘሁ። ሲያዩት መንታ ወንድሙ ነው፤ ቢሞክሩት ግን አይገጥምም። የቻይናው ሂሮም እንደዚያው። ታግዬ ላስገባው ብል ኖሮ ሁለቱንም በሰነጠቅሁ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዘመዴ መርካቶ ከአንድ ሰዓት ሠሪ መሳቢያ ውስጥ፣ እጀታው የተሰበረ አፍንጫው ግን ደህና የሆነ 51 አገኘልኝ።

ሥራው ትዕግሥት ነው። ብዕሩን በቀዝቃዛ ውኃ አሳደርኩት፤ ውኃውን እየለወጥኩ እስኪጠራ ድረስ። ከዚያ አፍንጫውን የያዘው ሼላክ የሚባለው ሙጫ እንዲለሰልስ ለስለስ ባለ ሙቀት አሞቅሁና ቀስ ብዬ ፈታሁት። ከ1948 ወዲህ የተሠራ በመሆኑ የቀለም ከረጢቱ ፕላስቲክ ነው፤ አልተበላሸም። የቀድሞዎቹ ግን ውስጣቸው ጎማ ስለሆነ ከዘመን ብዛት ይደርቃል።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልበል። አባቶቻችን የመቃ ብዕራቸው ሲደነዝዝ በቢላ እንደገና ይቀርጹት ነበር፤ መለዋወጫ አያሻቸውም። ነገር ግን ለብራና የሚሆነው የጥላሸት ቀለም እዚህ ብዕር ውስጥ ቢገባ መተላለፊያውን ይደፍነዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ስለምን? ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ መዝገቡ መራሱን ታስታውሳላችሁ። እኔ በሚታጠብ ሰማያዊ ቀለም የጻፍኩት የመዋጮ ገጽ ታጥቦ ጠፋ። እርሳቸው ብረት ባለበት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም የጻፉት ስም ግን ከነቀኑ ተነበበ፤ ይህ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ ይይዛል። በዚያው ሰሞን ባላቸውን ያጡት እናታችን አባልነት የተረጋገጠው በዚያ ጽሑፍ ነበር። ያ ጽሑፍ ባይኖር ድንኳኑን ስንከለክላቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ መዝገቡ በማይታጠብ ቀለም ይጻፍ፤ ግልባጩም በሌላ ቤት ይቀመጥ። ይህን ቀለም የሚጠቀም ብዕሩን በየጊዜው ይጠብ፣ አለዚያ ይደፍንበታል። ሁለተኛ፣ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የተሰበረ ብዕር ካለ አትጣሉት፤ ለሌላው አካል ይሆናል።

ብዕሩ ይኸው፤ ዛሬ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት በእርሱ ነው። የሟችን ቤተሰብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።