ከሰልና ማግኔት ውኃን ለማጥራት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ደምበጫ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው አረቄዋን ነው፤ እኛም የአገሩ ልጆች በዚህ አናፍርም። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ አረቄው ሳይሆን አረቄው ሲወጣ በምድጃው ውስጥ ስለሚቀረው ከሰል ነው። እናቶቻችን ቡና ያፈሉበታል፤ እኛ ደግሞ ባለፈው ክረምት ጥቂት ለምነን ውኃ ልናጠራበት ሞከርን።

ከሰል ፈሳሽ ማጥራቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሎዊትስ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በ1785 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ከሰል የፈሳሽን ቀለም እንደሚያነሣ አስተውሏል። ምክንያቱም በከሰሉ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ናቸው። በፋብሪካ በሚገባ የተዘጋጀ ከሰል አንዱ ግራም ብቻ የውስጥ ገጹ ቢዘረጋ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከብዙዎቻችን ጓሮ ይሰፋል። ቀለሙ የሚለጠፈው በዚህ ገጽ ላይ ነው።

ከሰሉ በደቀቀ መጠን ሥራው ይፈጥናል፤ ከውኃው መለየቱ ግን ይከብዳል። ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም በውኃ በጥብጠን የወቀጥነውን ከሰል ብንጨምርበት ሰማያዊው ሄደ፥ ጥቁሩ ቀረ። በነጠላ አጠለልነው፤ ነጠላው ተበላሸ እንጂ ውኃው አልጠራም። (የነጠላዋ ባለቤት እስከ ዛሬ አላናገረችንም።)

ለዚህ መላ የሆነን ማግኔት ነው። የብራዚል ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፥ ከሰሉ የብረት ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ ገብቶ ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመርበት፥ ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ በከሰሉ ላይ ይቀመጣል። እኛም በመምህራችን ፊት እንዲሁ አደረግን። ከተሰበረ ራዲዮ የወሰድነውን ማግኔት ከብርጭቆው ጎን ብናስጠጋ ጥቁሩ ዱቄት እንደ ንብ መንጋ ተሰበሰበ! እርግጥ ብረቱ ከቀዳዳዎቹ ከፊሉን ይይዛል፤ አሲድ በበዛበት ውኃም ራሱ ይሟሟል።

ይህን ለአንዲት ጎረቤታችን ብናሳያቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው፥ «ታዲያ ልጆቼ፥ ልጠጣው?» አሉን። እርስ በርሳችን ተያየን።

«አይሆንም፥ እትዬ» አልናቸው። የጠፋው እኛ ራሳችን የጨመርነው ቀለም ነው፤ ከዚያ ሌላ በውኃው ውስጥ የቀረውን አልለካንም። ለተሐዋስያን አሁንም ማፍላት ወይም ክሎሪን ያስፈልጋል።

«እንግዲያስ ምን አለፋችሁ?» አሉና ብርጭቆውን መለሱልን።

መልስ አለን፤ ለእሳቸው ግን የሚበቃ አልነበረም። ከጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣ ቀለም፥ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም ውኃውን በማፍላት አይወገድም። ለእንዲህ ያለው ነው ይህ ዱቄት የታሰበው። እኛ ግን ገና ከመጀመሪያው ብርጭቆ ለከተማው ሁሉ የመጠጥ ውኃ ልናድል አስበን ነበርና የሴትዮዋ ጥያቄ አሳፈረን። ደግሞም ቀለሙ ከውኃው ወጣ እንጂ ከዓለም አልጠፋም፤ ዱቄቱ ይዞታል። ያን ዱቄት ወዴት እንጣለው? ወንዝ ዳር ብንደፋው የለፋነው በከንቱ ነው።

በሚቀጥለው ዕረፍት ከተምጫ ወንዝ ውኃ ቀድተን፥ ያው ዱቄት ታጥቦ ስንት ጊዜ እንደሚሠራ እንፈትናለን። የተበላሸ ራዲዮ ያላችሁ ማግኔቱን አትጣሉብን፤ ነጠላ ግን አንለምንም።