መጠበቅ ሌላ፣ ማዋረድ ሌላ

(በማህበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ፣ ሐይቅ ከተማ የቀረበ ንግግር)



ለአዲስ ዓመት ወደ ማረሚያ ቤት ሄደን ሴት ታራሚዎችን እንድንጠይቅ ተስማምተናል። ዳቦውን ማን ይጋግር፣ ሳሙናውን ማን ይግዛ የሚለውም ተከፋፍሏል። እኛ የሒሳብ ሥራውን የያዝነው የወጪውን ነገር ብቻ ተናግረን እንድንቀመጥ ነበር የታሰበው። ከወጪው በፊት ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ሰው እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሰው፣ በእጁ የገባውን ሰው ማዋረድ ይችላል?

ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አይደለም። በዚህ አዳራሽ ልጇ የታሰረባት እናት አለች። ልጇ በማረሚያ ቤት ፖሊስነት ተቀጥራ ከደመወዟ የምትልክላት እናትም አለች። ሁለቱ በአንድ እድር ናቸው፤ ቁጠባም አብረው ይጥላሉ። ስለዚህ የምንናገረው ሁለቱም አንገታቸውን ሳይደፉ ሊሰሙት የሚችሉትን ነው።

ነገሩን ከአገራችን ታሪክ እንጀምር። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ የሚወጣባት ግሸን ማርያም እዚሁ አምባሰል ናት። ያቺ አምባ እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበረች። ዙፋን እንዳይሻሙ ልዑላኑ ወደ አምባው ይወጣሉ፤ አንዱ ለንግሥና ሲፈለግ ይወርዳል፤ ሌሎቹ እዚያው ያረጃሉ። ያሳሰራቸው ጥፋት ሳይሆን ትውልዳቸው ነበር።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጸሐፊዎች ስለ አምባው አንድ ወግ መዝግበዋል። አንድ ጠባቂ ከታሳሪዎቹ ልዑላን አንዱን ከወትሮው አምሮበት፣ ጥሩ ልብስ ለብሶ ያየዋል። ይቆጣዋል፣ ልብሱንም ይቀድበታል። ከጊዜ በኋላ ያው ልዑል ነገሠ። ጠባቂው ሞቱን እየጠበቀ ሲቀርብ፣ ንጉሡ አዲስ ልብስ አልብሶ ሸለመው፤ አባቴን በታማኝነት እንዳገለገልክ እኔንም አገልግለኝ ብሎም ወደ ሥራው መለሰው ይባላል።

ወጉ የሚነገረው የንጉሡን ሆደ ሰፊነት ለማመስገን ነው። በሒሳብ ሰው ዓይን ሲታይ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ መደብ ተመዝግበዋል። ልዑሉ እንዳያመልጥ መጠበቅ የጠባቂው ሥራ ነው። ልብሱን መቅደድ ለጥበቃው ምን ጨመረ? ልብሱ ተቀደደም አልተቀደደ ገደሉ ያው ገደል፣ በሩም ያው በር ነው። ጠባቂው በዚያች ቀን ጌታው ካዘዘው በላይ የራሱን ወሰደ፤ ንጉሡም ሁለቱን ሳይለይ ሸለመው።

ሁለተኛውን ታሪክ የጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከአምባው ልዑላን ደብዳቤ ይዞ የወጣ አንድ መነኩሴ፣ ከእርሱም ጋር 200 ያህል የአምባው ጠባቂዎች ተይዘው እየተገረፉ መመርመራቸውን ይናገራል።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ደብዳቤ ያሾለከ ይገረፋል፤ ልብስ የቀደደ ይሸለማል። ከዚህ ጠባቂው የሚማረው ግልጽ ነው። አለቃው የሚጠይቀው ሰው አመለጠ ወይ ብሎ ብቻ ነው፤ ሰው ተዋረደ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዛሬም በየማረሚያ ቤቱ ታራሚ ይቆጠራል፤ አንድ ሰው ቢጎድል ግቢው ይናወጣል። የተሰደበ፣ በሰው ፊት የተራቆተ ሰው ግን ከቁጥሩ አይጎድልም። የማይቆጠር ነገር ሲጠፋ ማንም አያውቅበትም።

ይህ የጥንት ወሬ ብቻ ቢሆን በተውነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2010 ዓ.ም. ማብቂያ ስለ ጅግጅጋው ጄል ኦጋዴን ባወጣው ሪፖርት፣ ታሳሪዎች በእስረኛው ሁሉ ፊት ልብሳቸውን አውልቀው ይደበደቡ እንደነበር፣ አሳፋሪ ነገርም እንዲሠሩ ይገደዱ እንደነበር ገልጿል። ያ እስር ቤት ከዚያ በኋላ ተዘጋ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ በእስር ቤቶችና በድብቅ ማቆያ ቦታዎች ድብደባና አስገድዶ መድፈር ሲፈጸም እንደነበር ለሕዝብ ተናገሩ። ያን ቀን ዜናውን እያየን ያለቀስን ብዙ ነን።

የአገራችን ጉድ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ ወታደሮች በኢራቅ አቡ ግራይብ እስር ቤት እስረኞችን ራቁታቸውን ከምረው፣ አጠገባቸው እየሳቁ የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን አስደነገጠ። ከተፈረደባቸው ጠባቂዎች መካከል ሴቶችም ነበሩ። ስለዚህ ሴት ጠባቂ ከሆነች ሁሉም ይስተካከላል ብለን አንዘናጋ። ያን ጉድ ያጋለጠውም ከወታደሮቹ መካከል አንዱ ነው፤ ፎቶግራፎቹን ወስዶ ለመርማሪዎች ሰጠ። አንድ ሰው ከውስጥ እንቢ ሲል ምን ሊሆን እንደሚችል ከእርሱ አይተናል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ፣ «ባሌን የገደለው እዚያ ነው ያለው፤ ልጄን የደፈረው እዚያ ነው ያለው፤ ለእርሱ ደግሞ ክብር?» ትሉ ይሆናል። የበደለን ሰው ሲዋረድ ውስጣችን ጥቂት እንደሚያርፍ አንክድም። ነገር ግን ያ ሰው ቅጣቱን የተቀበለው ከፍርድ ቤት ነው። ዳኛው መዝገብ መርምሮ፣ የሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ ይህን ያህል ዓመት ብሎ ፈርዷል። የፍርድ ወረቀቱ እንደ ክፍያ ማዘዣ ነው፤ ገንዘብ ያዥ ከተጻፈው በላይ አንድ ብር ከፍላ ብትገኝ ኦዲተር ይጠይቃታል። በፍርድ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነፃነቱ ለጊዜው እንዲወሰድ ነው። ስድቡን፣ ጥፊውን፣ ማራቆቱን ያዘዘ ዳኛ የለም። ጠባቂው የጨመረው ለእኛ ቂም ካሳ አይሆንም፤ ደግሞም ዛሬ ለበደለን ሰው የፈቀድነው፣ ነገ በስህተት ለተያዘው ልጃችን ይደርሳል።

ሕጋችንም ይህንኑ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 በጥበቃው ሥር ያለን ሰው ከሰብዓዊ ክብር ጋር በማይስማማ መንገድ የያዘ ሠራተኛን፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ያዘዘው ባለሥልጣን ደግሞ እስከ 15 ዓመት። «ታዝዤ ነው» የምትል ልጅ ካለችን፣ ይህን አንቀጽ እናቷ ታንብብላት።

የጠባቂዎቹንም ችግር እናውቃለን። ጥቂት ሆነው ብዙ ሰው ይጠብቃሉ፤ ሌሊት ይቆማሉ፤ አለቃ ያመናጭቃቸዋል። ከላይ የተዋረደ ሰው ወደ ታች ማውረድ ይቀናዋል። ከመካከላቸው ታራሚን በስሟ የሚጠሩ፣ የታመመችን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱ መኖራቸውንም ስንቅ ያመላለስን ሴቶች እንመሰክራለን። ስንቁን በቆሸሸ እንጨት የሚያማስል ፈታሽም፣ «እናቴ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው» ብላ በንጹሕ ማንኪያ የምትፈትሽም ገጥሞናል። ሁለቱም ፈትሸዋል። የጥበቃው ሥራ አልጎደለም። አንዷ በር ላይ ግን እናትዬው ሰው ሆና ገብታለች።

ስለዚህ ለአዲስ ዓመት ስንሄድ ከዳቦው ጋር አራት ጥያቄ እንያዝ። ሴት ታራሚዎችን የምትፈትሸው ሴት ናት ወይ? የተባበሩት መንግሥታት የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ ሴት ታራሚዎች በሴት ሠራተኞች ብቻ እንዲጠበቁ ያዛሉ። ሁለተኛ፣ ሞዴስ እንዴት ያገኛሉ? እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት የባንኮክ ደንቦች በነፃ እንዲሰጥ ይላሉ፤ አንዲት ሴት ለወር አበባዋ ጠባቂ መለመን የለባትም። ሦስተኛ፣ በስማቸው ነው የሚጠሩት? አራተኛ፣ የተበደለች ታራሚ አቤቱታዋን የበደላት ጠባቂ ሳይሰማ የምታቀርብበት መንገድ አለ?

የምንጠይቀው በትሕትና፣ ለኃላፊዎቹ ነው። ታራሚዎቹን በጠባቂ ፊት አንጠይቅ፤ እኛ ስንወጣ የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። ፎቶግራፍም አናንሳቸው። ደጋፊዎቻችን ለሪፖርት ምስል ብትፈልጉ የዳቦውንና የሳሙናውን እንልክላችኋለን፤ የተቸገረችን ሴት ፊት ግን አንልክም። መልሱን በመዝገብ እንጽፈዋለን፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይዘነው ሄደን እናነጻጽረዋለን። ማንም የማይቆጥረውን ነገር መቁጠር እንጀምር።

ለዚህ ጉብኝት ከደገፋችሁን፣ ከሳሙናው በጀት ላይ የሞዴስ መግዣ እንዲጨመር እንጠይቃለን። እጃችሁን በማውጣት ወስኑልን።