ጆንያ የሚመስለው ቀሚስ

የፋሽን ትርዒት ስመለከት አንዳንዴ ሳቄ ይመጣል። ጨርቁ ያማረ፣ ስፌቱ የረቀቀ፤ ግን ያንን ለብሶ ታክሲ ውስጥ ማን ሊቀመጥ ነው? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ስለ ክሌር ማካርዴል ነው። ካረፈች ቆየች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ነው የሞተችው። እኔ ሥራዋን ያየሁት በቅርቡ ሲሆን፣ ገና ፎቶዎቹን ሳይ «ይኼንንማ ዛሬም እለብሰዋለሁ» አልኩ።

በ1938 ስሟን ያስጠራው ቀሚስ ወገብ የለውም። ከትከሻ ጀምሮ ዝርግፍ ብሎ ይወርዳል፤ መስቀያ ላይ ሲታይ ከጆንያ አይሻልም። ለባሿ ቀበቶዋን ጠበቅ አድርጋ ስታስረው ግን ጨርቁ ተሸብሽቦ ሰውነቷን ተከትሎ ይተኛል። በመቀነት ሸብ ያለ የሀገር ቀሚስ ለምታውቅ ሴት ይህ ብርቅ አይደለም፤ ከእኛ ወሰደችው ማለቴ ግን አይደለም። ለአሜሪካ ገበያ ያኔ እንግዳ ነገር ነበርና ወዲያው አስመሳዩ በዛ።

እኔ ይበልጥ የወደድኩት የ1942ቱን ነው። ጊዜው የጦርነት ነው። የቤት ሠራተኞች ፋብሪካ ገብተዋል፤ እመቤቶቹ ራሳቸው ማዕድ ቤት መቆም ግድ ሆነባቸው። ሃርፐርስ ባዛር የተባለው መጽሔት ሥራ የሚሠራበት፣ እንግዳ ሲመጣም የማያሳፍር ልብስ ፈለገ። ማካርዴል «ፖፖቨር» የተባለውን ሠራች፦ ከፊት ተደርቦ የሚታሰር፣ ትልቅ ኪስ የተለጠፈበት፣ የድስት መያዣ ጓንት የተንጠለጠለበት ቀሚስ። ዋጋው 6 ዶላር ከ95 ሳንቲም! ሴቶቹ ታዲያ ማዕድ ቤት መች ተዉት? ዋና ልብስ ላይም ደረቡት፣ ግብዣም ሄዱበት።

እንዲህ ያለ ቅለት በዋዛ አይገኝም። ማካርዴል ተማሪ ሆና ፓሪስ ሳለች የማድሌን ቪዮኔን ልብሶች እየገዛች ስፌታቸውን ትፈታ ነበር፤ ቅዱን ለማጥናት። ቪዮኔ ጨርቅ በሰያፍ በመቁረጥ የታወቀች ናት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ትንሽ ሳብ ይላል፤ ስለዚህ ሳያጣብቅ ሰውነት ላይ ልክክ ይላል። ልብስ ሰፊዎች የምትሰሙን ካላችሁ፣ ይህ ብዙ ጨርቅ እንደሚበላ ታውቁታላችሁ።

ሁሉም ሥራዋ ተዋጠልኝ ግን አልልም። እንደ ሕፃን ሽንት ጨርቅ በእግር መሃል አልፎ የሚታሰር የዋና ልብስ አላት፤ እሱን ለደፋሮች ትቼዋለሁ።

የዚፑን ነገር ግን አልተውላትም። ከጀርባ ሳይሆን ከጎን ታደርገው ነበር፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት የሰው እጅ ሳትጠብቅ እንድትዘጋው። በዚህ ሳምንት ቀሚስ ልታሰፉ የምትሄዱ እህቶች፣ ይህን ሰፊያችሁን ጠይቁት። ግን ጨርቁ ሳይቆረጥ ይሁን፤ ካለቀ በኋላ ዚፕ ማዛወር ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው፣ ሒሳቡም ለብቻው ነው።