እንጦጦ፦ ዛፉ ከውጭ፣ ውኃው ከራሱ

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ቡና ለመጠጣት፣ ብስክሌት ለመንዳት ወይም ፎቶ ለመነሳት ወጥታችኋል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዛፉና ስለ ውኃው ነው።

አፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የከተሙት እዚሁ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። ለመከላከል ይመቻል፤ ብርዱና ንፋሱ ግን አያስቀምጥም። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ከወረደ በኋላም ቢሆን፣ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው። አዲሲቱ ከተማ ግን ማገዶ ፈጀች። የተራራው ጽድና ወይራ እየተመነጠረ አለቀና ከተማዋ ራሷ ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ታስቦ ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ዛሬ «የእንጦጦ ደን» ስንል በአብዛኛው የምናየው እሱን ነው። ስትወጡ የተቆረጠ ግንድ ፈልጉ። ዙሪያውን አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል፤ ቅጠሉ ክብ፣ ሰማያዊ የተቀባ የሚመስል፣ ከግንዱ ጋር የተጣበቀ ነው። ቀና ብላችሁ ትልቁን ስታዩ ደግሞ ቅጠሉ እንደ ማጭድ ረዝሞና ተጣምሞ አረንጓዴ ሆኗል። ያው አንድ ዛፍ ነው! ሲቆርጡት መልሶ ማቆጥቆጡ ነው ገበሬውን ያስወደደው። በዚያው ልክ ውኃ ይጠጣል፤ ሥሩም ላይ ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። በጀርባቸው እንጨት ተሸክመው ቁልቁለቱን ለወረዱት እናቶች ግን እንጀራቸው እሱ ነበር፤ ይህ ሲዘነጋ ቅር ይለኛል።

ወደ ውኃው ስንመጣ፣ የተራራውን ጫፍ እኔ በተለይ የማየው በዝናብ ጊዜ ነው፤ ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል። በሰሜን በኩል የወደቀው ዝናብ በሱሉልታ አድርጎ ከሙገር ጋር ወደ አባይ ይሄዳል። በደቡብ በኩል የወደቀው በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች አቃቂ ይገባና ከአዋሽ ጋር ወደ አፋር ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስም እዚያው ይቀራል።

ይህን ውኃ ለመጠበቅ ጽዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን መልሶ መትከሉ ተገቢ ነው። ባሕር ዛፉን ባንዴ ጠርጎ ማንሳት ግን አያዋጣም። ቁልቁለቱ ራቁቱን ከቀረ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ቀበና ይከተዋል፤ ጽድ ደግሞ እስኪያድግ ዓመታት ይፈልጋል። እያሳሱ፣ በመሃሉ ሌላውን እየተከሉ መሄድ ነው የሚሻለው።