የገባው እንዲወጣ


እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣችው አይቢኤም ኤክስቲ ትዝ ትላችኋለች? ሃርድ ዲስኳ 10 ሜጋባይት ብቻ ነበር። እኔ ዘንድ አንዷ አለች፤ ዲስኳ ግን ደክሟል። «ሣጥኗን በስተህ አዲስ ግጠምላት» ያሉኝ ነበሩ። እምቢ አልኩ፤ የተበሳ ብረት አይመለስማ! ማዘርቦርዷ 8 የካርድ ማስገቢያዎች አሉት። በአንዱ ኤክስቲ-አይዲኢ የሚባል ካርድ ሰካሁ፤ ኮምፓክት ፍላሽ በዲስክ ፈንታ ይሠራል። ብየዳ የለ፣ መሰርሰሪያ የለ። የድሮውን ዲስክ ከነካርዱ፣ የት እንደነበረ ጽፌበት አስቀምጫለሁ። ነገ የሚረከባት ልጅ ብሎን ፈትቶ እንደ ጥንቷ ሊያደርጋት ይችላል። እኛ እኮ ባለአደራ ነን፤ የምናስገባው ሁሉ የሚወጣ ይሁን።