«የክረምት ጎማ» ለእኛ ክረምት አይደለም
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ መኪና ጎማ እንድናገር ስጠየቅ «ዕድርን ከጎማ ምን አገናኘው?» ያለ ሰው ነበር። መልሴ አጭር ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከዚህ ዕድር አራት ሆነን ወደ አዋሽ ለለቅሶ ስንወርድ፤ ለራሳችን ሊለቀስ ለጥቂት ነው የተረፍነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኔ ወደ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄጄ «ለዝናቡ የሚሆን ጎማ ስጠኝ» ብለው፤ «ይኸው፤ ከአውሮፓ የመጣ የክረምት ጎማ» ብሎ አራት ያገለገሉ ጎማዎች ሸጦልኝ ነበር። ጥርሱ ጥልቅ፤ ዋጋውም ረከስ ያለ ስለ ነበር ደስ ብሎኝ ገዛሁ። እንግዲህ መተሐራን አልፈን በቀትር ፀሐይ ስንሄድ ግመል መንገድ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ግን መቆም ካለበት ቦታ አልፎ፤ ከአስፋልቱ ወጥቶ አሸዋ ላይ ቆመ። ፈጣሪ ይመስገን ሰው አልተጎዳም።

አዋሽ ስንደርስ አንድ ጎሚስታ ጎማውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ጋሼ፤ ይኼ እኮ የበረዶ ጎማ ነው» አለኝ። እውነትም በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፤ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት ተስሎበታል። ስሕተቱ ከቃሉ ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው፤ እነሱ ግን ውርጭና በረዶ ማለታቸው ነው። የእነሱ የክረምት ጎማ በብርድ እንዳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ ይሠራል። ሙቀት ሲያገኘው ይላላል፤ ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም መኪናውን ቶሎ አያቆምም። የበጋ ጎማ የሚሉት ደግሞ ከ7 ዲግሪ ገደማ በላይ ለሆነ አየር የተሠራ ሲሆን፤ ደረቅ መንገድም ዝናብም ላይ ይይዛል። ስለዚህ ለእኛ በጋም ሆነ ለእኛ ክረምት የሚስማማው የእነሱ የበጋ ጎማ ነው።

ከበጋ ጎማዎች ውስጥ ለፈጣን መኪና የሚሠሩ አሉ። ሰፋ ያሉና ጎናቸው አጭር ነው፤ ኩርባ ላይ አጥብቀው ይይዛሉ። ነገር ግን ቶሎ ያልቃሉ፤ ጉድጓድ ሲያገኛቸውም ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው ይሄዳል። ለመልክ ብሎ መግዛት አያዋጣም።

አሁን ጽሑፉን እናንብብ። ጎማው ላይ «205/55 አር16 91ቪ» የሚል አለ እንበል። 205 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 55 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 55 በመቶ መሆኑን ይነግረናል። 16 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ሲሆን፤ «ቪ» ደግሞ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። ይችላል ተባለ እንጂ ንዳ አልተባለም!

ከሁሉ በላይ የተሠራበትን ቀን እዩ። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። የእኔው «1209» ይል ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2009 12ኛው ሳምንት ማለት ነው። ስገዛው «ብዙም አልሠራ» የተባልኩት ጎማ 10 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር! ጥርሱ ቢኖርም ጎማ ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል።

ጥርሱን በተመለከተ፤ በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ ጋር ከተስተካከለ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ቀርቶታልና ለውጡት። ነፋሱንም ጎማው ሳይሞቅ በጠዋት አስለኩ፤ ልኩ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ በመጨረሻም ይፈነዳል። ትርፍ ጎማውንም አትርሱ።

ወገኖቼ፤ ዕድራችን ድንኳንም ወንበርም አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ለሁላችንም ይተከላል። በአሮጌ ጎማ ግን ቀኑን አናስቀድመው። ለለቅሶ የሄደ ሁሉ በሰላም ይመለስ።