እርሳስና ጆሮ
(በማኅበራችን የንግግር ሰዓት የቀረበ)



በአማርኛችን «እርሳስ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የምንጽፍበት እንጨት ነው። በውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግን ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት እንጂ እርሳስ አይደለም፤ ስለዚህ በፈተና ሰዓት ጫፉን የምናኝክ ሁሉ በዚህ በኩል እንጽናና። የዛሬው ንግግራችን ስለ እውነተኛው እርሳስ፣ በመኪና ባትሪ ውስጥ ስላለው ከባድ ማዕድን ነው። ደምንና አንጎልን እንደሚመርዝ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ጆሮንም እንደሚጎዳ የሚያነሣው ግን ጥቂት ነው።

ድምፅ የጆሮን ታምቡር መትቶ ካለፈ በኋላ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ መሰለው ጠመዝማዛ የውስጥ ጆሮ ይደርሳል። በዚያም 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጡታል፤ ምልክቱም በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። ከሕዋስ ወደ ነርቭ የሚሻገረው በካልሲየም ረዳትነት ነው። የእርሳስ ተንኰል እዚህ ላይ ነው፤ ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም አጥርቶ መለየት ስለሚሳነው፣ በካልሲየም በር ይገባል፣ በካልሲየም ወንበር ይቀመጣል፣ ሥራውን ግን አይሠራም። አጥንት ውስጥም ተከማችቶ ለብዙ ዓመታት ይቈያል። የሞቱት የጆሮ ሕዋሳት ደግሞ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

ለዚህ ነገር የቤቶቨን ታሪክ ይጠቀሳል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ይህ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ 30 ዓመት ሳይሞላው መስማት ይሳነው ጀመር፤ በ1802 ለወንድሞቹ በጻፈው ደብዳቤ ደንቈሮነቱን ከሰው ለመሰወር ሲል ከማኅበር መራቁን ገልጿል። በ1827 ቪየና ላይ ሲሞት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የመስማት ነርቮቹ ተጨማደው አገኛቸው። በ2024 ደግሞ የራሱ መሆናቸው በዘር ምርመራ የታመነባቸው ሁለት የፀጉር ዘለላዎች ተመርምረው፣ በአንድ ግራም ፀጉር 258 እና 380 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘባቸው፤ የደኅና ሰው ከ4 አይበልጥም። (ከዚያ በፊት ብዙ የተጻፈበት ሌላ ዘለላ በ2023 የሴት ፀጉር ሆኖ ተገኝቷል፤ ሊቃውንትም ይሳሳታሉ።) መርማሪዎቹ እርሳስ ለድንቍርናው አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም አሉ እንጂ ብቸኛው ምክንያት ነው አላሉም፤ እኛም ከዚያ አናልፍም።

ይልቅስ የሚያሳስበን የሕፃናቱ ነገር ነው። በ1991 በታተመ የአሜሪካ ጥናት በአንድ ዴሲሊትር ደም ያለው እርሳስ ከ6 ወደ 18 ማይክሮግራም ሲጨምር፣ የልጆቹ መስማት በሁሉም የድምፅ እርከን በ2 ዴሲቤል ቀንሶ ተገኝቷል። ለአንድ ልጅ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በተጨናነቀ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመምህሩን ቃል ግማሹን የሚስት ልጅ «ሰነፍ» ይባላል እንጂ ጆሮውን የሚመረምርለት ማን ነው?

የእርሳስ ቤንዚን በመኪና ረገድ ከዓለም የጠፋው በ2021 አልጄሪያ ስታቆም ነው። ባትሪው ግን አለ። አሮጌ ባትሪ ፈልጦ እርሳሱን የሚያቀልጥ ሠራተኛ ጢሱን ይስባል፤ በመዶሻና በሞተር ጩኸት መካከል ስለሚውልም ጆሮው የሚጠቃው በሁለት ወገን ነው። ማታም ልብሱን ሳይለውጥ ወደ ቤቱ ከገባ፣ አቧራው በኮቱ ላይ እንዳለ ልጁን ያቅፋል።